አንድ ቦይ ስጡን

ለ፦ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የውሃ፣ የፍሳሽ፣ የአካባቢ ጥበቃና የምርምር ሥራ ለሚመለከታችሁ ሁሉ

ጉዳዩ፦ አንድ የፍሳሽ ቦይ ለሙከራ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት በፖስታ ያስገባሁት መልስ ስላላገኘ ነው። ባሕር ዳር ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር ትንሽ የሳይንስ ክበብ አለችን። ባለፈው ዓመት ወደ አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ስሙን አልጠራም፤ ነገሬ ከቢሮው ጋር አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን «ደብዳቤ አምጡ» ተባልን፤ አመጣን። በሦስተኛው ቀን አንድ ባለሙያ በደንብ ተቀበሉንና ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«በጀቱ ስንት ነው?» አሉኝ።

«በጀት የለውም» አልኳቸው።

«በጀት ከሌለው ፕሮጀክት አይደለማ!»

«ፕሮጀክት አይደለም። አንድ ቦይ ነው የፈለግነው።»

ሳቁ። እኛም ሳቅን። ሻይ ቤት ገብተን ተማሪዎቹን አንዳንድ ሳምቡሳ ጋበዝኳቸውና ወደየቤታችን ሄድን። ሰውየው እንዲህ ቢሉኝ አልፈርድባቸውም። ቦይ የሚለምን ሰው ግራ ያጋባል። ቦዩን የፈለግነው የሚወርድበትን ፍሳሽ ሐይቁ ሳይደርስ በሚበሰብስ ጄል ማጣራት ልንሞክርበት ነው። ስለዚህ ዛሬ ከሥሩ ልጀምር።

ጄል ስል የፀጉሩ እንዳይመስላችሁ። ይልቅ ተልባ አስቡ። ማታ ዘፍዝፋችሁ ያሳደራችሁት ተልባ ጠዋት ላይ በሚያዳልጥ ነገር ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ማንኪያ ስታነሱ ክር እየሳበ ይከተላል። አብሽም ያው ነው። ዘፍዝፋችሁ ስትመቱት ነጥቶ፣ አብጦ፣ ዕቃውን ይሞላል። የሆነው ነገር ይህ ነው፦ ፍሬው ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች አወጣ፤ ሰንሰለቶቹም ውሃውን በመካከላቸው ያዙት። እነዚህን ሰንሰለቶች እዚህም እዚያም ብትቋጥሯቸው መረብ ይሆናሉ። ዓሣ አጥማጆቻችን ከሚጥሉት መረብ የሚለየው ቀዳዳው በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው። ውሃ ገብቶ ይነፋዋል፣ መረቡ ደግሞ ውሃውን አላስወጣ ይላል። ጄል ማለት ይኸው ነው።

የዳይፐር ሆድ ዕቃም ጄል ነው። ሐይቁ ዳር ከተቀደደ ዳይፐር የሚፈሰውን፣ አብጦ እንደ በረዶ ፍርፋሪ የሚመስለውን ነገር አይታችሁታል። ንጹህ ውሃ ካገኘ የራሱን ክብደት መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠጣል። ግን ጥሬ ዕቃው ከነዳጅ ዘይት የመጣ ነው። ቢቀብሩትም ቶሎ አይበሰብስም። እኔ የማወራው ስለ ሌላው ዓይነት ነው፤ ከተክል፣ ከባሕር አረም፣ ሽሪምፕ ከሚባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ቅርፊት ወይም ከዓሣ ቆዳ ተሠርቶ፣ ሥራውን ሲጨርስ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ስለሚበሉት።

ስለ ጄል ባስተማርኩ ቁጥር የማነሳው አንድ ቼክ ሰው አለ፤ ኦቶ ቪህተርለ። ከባልደረባው ከድራሆስላቭ ሊም ጋር ሆኖ በ1960 ውሃ የሚጠጣ ጄል ለሰውነት እንደሚስማማ ጻፈ። (የውጭ ነገር ስጠቅስ ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው።) ከዚያ በዚያው ጄል ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ፣ ዓይን ላይ የሚደረገውን፣ መሥራት ፈለገ። ነገሩ እንዳሰበው አልሄደለትም። በ1961 በፈረንጆች ገና ሰሞን ቤቱ ቁጭ ብሎ የልጆቹን የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻ ወሰደ፤ የብስክሌት ዳይናሞ አሰረበት፤ ሌንስ የሚያወጣ ማሽን ሠራ። ማሽኑም ሠራለት! ዛሬ ለስላሳ ሌንስ የሚያደርግ ሰው ሁሉ የዚያ ጠረጴዛ ባለውለታ ነው። የብስክሌት ከተማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ይህን ታሪክ ለልጆች ስነግራቸው ዓይናቸው ወዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ።

ወደ ውሃው ልመለስ። ያ መረብ የሚይዘው ውሃ ብቻ አይደለም። ሰንሰለቶቹ ላይ እንደ መንጠቆ የሚያገለግሉ ቦታዎች አሉ። በኤሌክትሪክ ሙላት አንዱ ጄል መንጠቆው ኔጌቲቭ ነው፣ ሌላው ፖዘቲቭ፤ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ። እርሳስና መዳብ ውሃ ውስጥ ሲሟሙ ብዙውን ጊዜ ፖዘቲቭ ናቸው፤ ስለዚህ ኔጌቲቩ ጄል ይስባቸዋል። ውሃው ያልፋል፣ እነሱ ይቀራሉ።

ክበባችን ይህን በዓይኑ አይቷል። ጥርስ ሐኪም ዘንድ የጥርሳችሁ ልክ ተወስዶ ከሆነ ያ እንደ ሊጥ ተለውሶ አፋችሁ ውስጥ የሚረጋው ነገር አልጂኔት ነው። ከቡናማ የባሕር አረም ይወጣል፤ ካልሲየም ሲያገኝ ይረጋል። አንድ ወዳጃችን ጊዜው ያለፈበት አንድ ከረጢት ሰጠን። ልጆቹ በውሃ ለወሱት። ሲረጋ እንደ ሥጋ በቢላ ከተፉት። ላቦራቶሪያችን ውስጥ የቀረች ትንሽ ሜቲሊን ብሉ ነበረች፤ ሰማያዊ ቀለም ናት። ጥቂት ጠብታ በሃይላንድ ውሃ ላይ ጨመርን፣ ክትፎውን ከተትንበት፣ ዘግተን ሄድን። በማግስቱ ውሃው ሊጠራ ምንም አልቀረውም። ቁርጥራጮቹ ግን ሰማያዊውን ጠጥተው ጠቁረዋል።

አንዷ ተማሪ ሃይላንዱን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችውና «ቲቸር፣ ጣናንም እንዲህ ማድረግ ይቻላል?» አለች። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

አይቻልም አልኳት። ለእናንተም ይህንኑ ልበል። ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲያም ሆኖ ወደ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ይዟል። ጣናን በጄል አጸዳዋለሁ የሚል ሰው ቢሯችሁ ከመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት የሚያመጡትን ደለልም ጄል አያስቆመውም። ያ የእርከን ሥራ ነው፤ ተራራው ላይ የሚሠራ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገርም ገባኝ፤ የክፍል ሙከራችን እኛኑ አታሎናል። ሜቲሊን ብሉ ፖዘቲቭ ቀለም ነው። አልጂኔት ደግሞ ኔጌቲቭ። ሳይጠሩት ነው የሚሄድለት። ጥጥ የሚቀለምባቸው ቀለሞች ግን አብዛኞቹ ኔጌቲቭ ናቸው። ያንኑ ክትፎ የጨርቅ ማቅለሚያ ውሃ ውስጥ ብንጨምረው ኖሮ ፊቱን ያዞርባቸው ነበር። ለእነሱ ፖዘቲቭ ጄል ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚሠራው ካይቶሳን። እኛ ዘንድ ሽሪምፕ የለም። የቀረሶ ቆዳና ቅርፊት አለ፤ እሱ የሚሰጠው ግን ጄላቲን ነው፣ ጠባዩ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለምን መሰላችሁ? ነገ አንድ ሰው ሰማያዊ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይናችሁ እያየ አጥርቶ፣ ውል ሊያስፈርማችሁ ይችላል። የራሳችሁን ቦይ ውሃ አምጥታችሁ «በዚህ አሳየኝ» በሉት።

ታዲያ ለምን ቦይ? ቆሻሻው ሐይቁ ውስጥ ከገባ በኋላ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውስጥ ነው የምትፈልጉት። ከመግባቱ በፊት ግን በአንድ ክንድ ስፋት ቦይ ውስጥ ያልፋል። እኔ የምላትን ዓይነት ቦይ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከላይ መኖሪያ ቤት፣ መሃል ላይ ላቫጆና ምግብ ቤት፣ ከታች ደንገል። ጠዋት አረፋ ይዛ ትወርዳለች። ከሰዓት በላይዋ ላይ የዘይት ቀስተ ደመና ይታያል። ቅዳሜ ማታ ሽታዋ ሌላ ነው።

እኔ ከዚህች ቦይ በመጀመሪያ መያዝ የምፈልገው ፎስፌት ነው፤ ውሃ ውስጥ የሟሟ ፎስፈረስ ማለት ነው። ምክንያቱ እምቦጭ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ ከተመዘገበ ከፈረንጆቹ 2011 ወዲህ ስንቱን አየን። ሰው ከየአገሩ መጥቶ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው። ማሽን መጣ። ዘመቻ ታወጀ። እምቦጩ ተመልሶ በቀለ፤ ምክንያቱም ምሳው አልተቋረጠም። ምሳው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ ከማሳ፣ ከሽንት ቤት፣ ከእኛ ቦይ የሚመጣ። ከከተማ ቦይ የሚመጣው ከጠቅላላው ምን ያህል እንደሆነ ሳይለካ ትልቅ ነው ብዬ አልምልም። ግን የእኛ ነው። ማንንም ሳናስፈቅድ ልንይዘው የምንችለው ድርሻ እሱ ነው። ይቅርታ፣ እናንተን አስፈቅደን።

ፎስፌት ኔጌቲቭ ነው፤ ባዶ አልጂኔት አይነካውም። ብረት ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ብረት ፎስፌትን አጥብቆ ይይዛል። ይህን ከእኔ ይልቅ የጎጃም ገበሬ ያውቀዋል፤ ቀዩና አሲዳማው አፈር ማዳበሪያውን እየዋጠ አላስቀምጥ ሲለው ኖራ ይበትንበታል። የሚውጠው አፈሩ ውስጥ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ነው። ያን ገበሬውን የሚያስለቅስ ጠባይ ቦዩ አፍ ላይ ማሠራት ነው ሐሳቡ። በብረት የረጋ አልጂኔት እንክብል፣ በሽንኩርት መረብ ከረጢት ታስሮ፣ በርሜል ውስጥ ይቀመጣል። ከፊቱ የአሸዋ በርሜል ይኖራል፤ ጄል ዘይትና ጭቃ ሲለጥፍበት ይታፈናልና። ውሃው በአሸዋው አልፎ፣ በጄሉ አልፎ ይወጣል። ከመግቢያውና ከመውጫው በሃይላንድ እንቀዳለን። የፎስፌት መለኪያው ዘዴ የቆየ ነው፤ ሞሊብዴት ያለበት መለኪያ ኬሚካል ሲጨመርበት ውሃው ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው በደመቀ ቁጥር ፎስፌቱ በዝቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር አስምሩልኝ። ይህ ጄል ጀርም አይገድልም። ከበርሜሉ የወጣ ውሃ መስታወት ቢመስል እንኳ አይጠጣም፤ ልጅም አይታጠብበትም።

አሁን ስለ እምቦጭ ጄል። መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። «እምቦጩን ራሱን ጄል አድርጋችሁ ሐይቁን አታጸዱበትም?» ሐሳቡ ያምራል። እኛም ሞክረነዋል። አንድ ተማሪ ከደንቢያ ዘመዶቹ አገዳውን ብቻ ደርቆ አስመጣልን፤ አበባና ሥር እንዳይነካ ተባብለን፣ ዘር እንዳይዛመት። መቶ ኪሎ ርጥብ እምቦጭ ሲደርቅ አሥር ኪሎ አይሞላም፤ የቀረው ውሃ ነው። በአመድ ውሃ ቀቀልነው። ሙቀጫ ተውሰን ወቀጥነው። ከተልባ ልጋግ ጋር ለወስነው። የወጣውን ነገር ጄል ከምለው ተረስቶ የደረቀ ገንፎ ብለው ይቀለኛል። ሳምንት ሳይሞላው ሻገተ። ክፍሉን የሚያጸዱልን እናት በሩን ከፍተው አፍንጫቸውን ይዘው «መምህር፣ እዚህ ውስጥ የሞተ ነገር አለ» አሉኝ። በስብሶ አፈር ይሆናል ብለን አልነበር? ሆነ።

ስህተታችን የት ላይ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። የእምቦጭ ቃጫ ሴሉሎስ ነው፤ ግን ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ተኝተዋል። እነሱን አላቅቆ ወደ ጄል ለማምጣት ኮስቲክ ሶዳ፣ ማንጫ፣ ከዚያም በላይ ኬሚካል ይፈልጋል። ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ይህን ይሠራሉ። ሲሠሩ ግን ጥቁር ውሃ ይተርፋል። ያ ጥቁር ውሃ የት ይደፋል? ቦይ ውስጥ ከሆነ እኛ ያጸዳነው ነገር የለም። ሌላም አለ። እምቦጭ ራሱ ካደገበት ውሃ ብረታ ብረት ይሰበስባል። በዚያ ላይ ዛሬ ለአረሙ ገበያ ከፈጠርንለት ነገ «እንዳይጠፋብን» የሚል ሰው ይመጣል። ስለዚህ የተነቀለውን ክምር መጠቀም ጥሩ ነው፣ ይመርመር፤ ግን የምጠይቃችሁን ቦይ በእምቦጭ ጄል አልጀምርም።

እዚህ ላይ ነው እኔን ከዚህ ሥራ አድናቂዎች የሚለየኝ ነገር። «የሚበሰብስ» ሲባል ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን የሚበሰብስ ነገር ሲበሰብስ የያዘውን ይለቃል። እርሳስ የያዘ ጄል ብትቀብሩ መረቡን ትሉና ባክቴሪያው ይበሉታል፤ እርሳሱን ግን የሚበላው የለም። እዚያው ይቀራል። ክረምት ሲመጣ ታጥቦ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ጣና። ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የተያዘ ክሮሚየም የሚባለው ብረት ቢሆንም ያው ነው። ለእንዲህ ያለው መበስበሱ ጥቅሙ ምንድን ነው? እሱን በአሲድ አጥቦ ብረቱን መልሶ መውሰድ፣ ወይም ውሃ በማይደርስበት ቦታ ቆልፎ ማስቀመጥ ይሻላል። ፎስፌት የያዘ ጄል ግን ሌላ ታሪክ አለው። በስብሶ የሚለቀው ነገር ማሳ ላይ የሚፈለግ ነው። ብረቱ አጥብቆ ስለያዘው ሰብሉ ቶሎ ላያገኘው ይችላል፤ ማዳበሪያ ነው ብዬ አልሸጥላችሁም። በጥቂት ማሰሮ ጎመን ላይ ይሞከራል። ቦዩ ውስጥ እርሳስ ወይም ክሮሚየም ከተገኘ ደግሞ ጎመኑም ቀረ።

ለዚህ ነው ላቫጆው ወይም ጋራዡ ያለበት ቦይ ይሁን፣ መኖሪያ ቤት ብቻ ያለበት ይሁን ለእኔ ትልቅ ጉዳይ የሆነው። ጄሉ ሳይገዛ፣ በርሜሉ ሳይተከል፣ የያዘው ነገር የት እንደሚገባ መታወቅ አለበት። የዚህን መልስ ለብቻዬ ልሰጥ አልችልም። መሬቱ የእናንተ ነው፣ ደንቡም የእናንተ ነው።

አሁን ወደ ባትሪው። ምን አገናኘው እንዳትሉ፤ ያው ቦይ ነው የሚያገናኘው።

ሰፈሬ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የምትበራ ሶላር የሌለው ሱቅ ጥቂት ነው። ባትሪው ሁለት ሦስት ዓመት ይሠራና ይሞታል። የሞተ ባትሪ ከባድ ነው። ቆራሌው ሲመጣ የሚፈልገው እርሳሱን ነው፤ ስለዚህ ክዳኑ ይከፈትና አሲዱ ይደፋል። የት? ቦይ ውስጥ። አንድ ቀን አንድ ወጣት እንዲህ ሲያደርግ ደረስኩበት። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ መርዝ ነው» አልኩት። «ጋሼ፣ ታዲያ የት ልድፋው?» አለኝ። የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ጠርዙ ላይ የፈሰሰበት ሣር እስከ ዛሬ አልበቀለም።

ሱቅ ውስጥ «ጄል ባትሪ ነው፣ ችግር የለውም» የሚሏችሁን ደግሞ ተጠንቀቁ። አሲዱ በሲሊካ ረግቷል ማለት ነው፤ አለመፍሰሱ ጥሩ ነው። ግን እርሳሱ ያው እርሳስ ነው፣ አሲዱም ያው አሲድ ነው። እኔ ከምለው የሚበሰብስ ጄል ጋር የሚገናኙት በስም ብቻ ነው።

ባትሪ ውስጥ የጄል ሥራ ቀላል ነው። በሁለቱ ፖሎች መካከል አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙላት ያላቸው ቅንጣቶች፣ የሚመላለሱበት መንገድ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ያ መንገድ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ ይፈሳል፣ ያቃጥላል፣ አንዳንዱም በእሳት ይያያዛል። ጄል ፈሳሹን በመረቡ ይይዘዋል፣ አዮኖቹን ግን ያሳልፋል። በ2022 አሜሪካ ውስጥ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን መንገድ ከካይቶሳንና ከዚንክ ሠሩት። ካይቶሳኑ በአምስት ወር ገደማ በስብሶ ያልቃል፤ የሚቀረው ዚንኩ ነው፣ ተለቅሞ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስዊዘርላንድ ያለው ኤምፓ የተባለው ተቋም በፕሪንተር የሚታተም ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ አወጣ። የገባበትን ስሰማ የወጥ ቤት ዝርዝር መሰለኝ፦ የሴሉሎስ ቃጫ፣ ግሊሰሪን፣ ከሰልና ግራፋይት፣ ውሃ፣ ቆንጠር የተደረገ የገበታ ጨው። ትንሽ ዲጂታል ሰዓት ያሠራል። አፈር ውስጥ ሲቀበር በሁለት ወር ይፈራርሳል፤ የሚታይ ነገር ቢቀር ጥቂት የካርቦን ቅንጣት ነው።

ከተማ አያበራም። ፍሪጅም አይነዳም። ከጣና በወጣው አባይ ላይ በፈረንጆቹ 1964 ሥራ የጀመረው የጢስ አባይ ማመንጫ አለ፣ ታች ወርዶ ሕዳሴው አለ፤ ለትልቁ መብራት እነሱ ይበቃሉ። የሚበሰብሰው ማጠራቀሚያ የሚያስፈልገው በጣም ትንንሽ ለሆነ ነገር ነው። ለምሳሌ በርሜላችን አጠገብ የሚቀመጥ፣ የውሃውን ሙቀትና ድፍርስነት በየሰዓቱ የሚመዘግብ መሣሪያ። ክረምት ላይ ጎርፍ ነቅሎት ሐይቁ ውስጥ ቢገባ ቢያንስ ባትሪው ዓሣ አይመርዝም። ለጊዜው እንዲህ ያለ ባትሪ ገበያ ወጥቼ የምገዛው ነገር አይደለም። ልጆቹ በከሰል፣ በጄላቲንና በጨው የራሳቸውን ሠርተው ነበር፤ አንዲት ቀይ አምፖል ለጥቂት ሰከንድ አበሩባት። ጮኹ፣ ጨፈሩ። አምፖሏ ጠፋች። ያም ቢሆን በባትሪ አሲድና በገበታ ጨው መካከል ያለውን ልዩነት ያዩ ልጆች ናቸው። ከዚህ በኋላ ክዳን ከፍቶ የሚደፋ ሰው ሲያዩ ዝም የሚሉ አይመስለኝም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ከላዩ ጋራዥም ፋብሪካም የሌለበት፣ ወደ ሐይቁ የሚገባ አንድ ጠባብ ቦይ አሳዩን። ጠርዙ ላይ ሁለት በርሜል ለሦስት ወር እንድናስቀምጥ ፍቀዱልን። ከመጀመራችን በፊት የዚያ ቦይ ውሃ እርሳስና ክሮሚየም ይኑርበት አይኑርበት አንድ ጊዜ ይመርመርልን፤ ይህን የትምህርት ቤት ዕቃ አይችለውም፣ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ይችለዋል። አንድ ናሙና፣ ቢበዛ ሁለት። ውጤቱን ደብቃችሁ አታስቀምጡት፤ ክፉም ቢሆን ቦዩ አጠገብ በወረቀት ይለጠፍ፣ የሰፈሩ ሰው ያንብበው። በርሜሎቹ የያዙትን ጄል ማን እንደሚረከበን ደግሞ በጽሑፍ ንገሩን። ሊረከበን የሚችል ከሌለ ያንንም ንገሩን፤ በርሜሉ ይቀርና ልጆቹ ወደ ተልባቸው ይመለሳሉ።

ገንዘብ አልጠየቅኩም። አልጂኔቱን በጥቂት ኪሎ ከውጭ ማስመጣት ይኖርብናል፤ እሱን የወላጅ ኮሚቴው አዋጥቶ ይሸፍነዋል ተብለናል። አሸዋ አለ። የሽንኩርት ከረጢት ቅዳሜ ገበያ ሞልቷል። አንዱ ተማሪ አባቱ በርሜል ይነግዳሉ፤ ሁለት አሮጌ ሰጥተውናል፣ አንዱ ትንሽ ያንጠባጥባል።

ክረምቱ ከገባ ጎርፉ ቦዩን ጠርጎ ስለሚወስደው ልኬቱ ትርጉም አይኖረውም። ስለዚህ ሦስቱ ወር ሰኔ ሳይጠባ እንዲያልቅ መልሱን ቀደም ብለን ብናገኝ ደስ ይለናል። ያንን «በጀቱ ስንት ነው» ያሉኝን ባለሙያም ከቻላችሁ ጨምሯቸው፤ ከሁሉ በላይ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ነን። የሚያንጠባጥበውን በርሜል እየደፈንን ታገኙናላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ባሕር ዳር